ልብ ምት ሲዘል፦ «ምንም የለብሽም» ከተባለ በኋላ የሚቀረው ፍርሃት

ሄለን፦ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ድንገት ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ «ድም!» ብሎ ስለሚመለስ ልብ ነው። እና እሱን ተከትሎ ስለሚመጣው ፍርሃት። እኔ ራሴ ይሄ ነገር አለብኝ። የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚስለውን ኢሲጂ ተነስቻለሁ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚሉትን፣ ታይቻለሁ፣ ልብሽ ጤነኛ ነው ተብያለሁ። ምቱ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ዮናስ ደግሞ እንደምታውቁት የልብ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነው።

ዮናስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይሄ ውይይት ምርመራን አይተካም፣ እሱን ቀድሜ ልበል። ግን ሥራ ቦታ ደጋግሜ የማየው አንድ ዓይነት ሰው አለ። ኢሲጂው ደህና፣ ኢኮው ደህና፣ ሐኪሙም «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ አሰናብቶታል። ሰውየው ግን ሲወጣ ፊቱ ከገባበት ብሶ ነው የሚወጣው።

ሄለን፦ እንዴታ! ደረቱ ውስጥ እየተሰማው እኮ ነው ምንም የለብህም የሚባለው። ያ ሰው የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሐኪሙ አላገኘልኝም፣ ወይ አእምሮዬ እየተነካ ነው። ሁለቱም እንቅልፍ አያስተኙም። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምለው ይሄን ነው፦ «የለብሽም» ብቻውን ሰው አያሳርፍም። የተሰማሽ ነገር እውነት ነው፣ ስሙ ይሄ ነው፣ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ የሚነግርሽ ሰው ያስፈልጋል።

ዮናስ፦ እንግዲያው ከዚያ እንጀምር። በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ውስጥ ምቱን የሚያስነሳ ትንሽ ቦታ አለ፣ ሳይነስ ኖድ ይባላል። አንድ አዋቂ ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በቀን ወደ 100 ሺህ ምት መሆኑ ነው። ታዲያ አንዳንዴ ከዚያ ቦታ ውጪ፣ ከላይኛው ወይም ከታችኛው የልብ ክፍል፣ ተራውን ያልጠበቀ ምት ይነሳል፣ ትርፍ ምት እንበለው። ልቡ ገና በደም ስላልሞላ ይሄ ምት ደካማ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ከዚያ ልብ ትንሽ ይቆያል። በቆየበት ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ደም ይገባበታል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምት ጠንከር ብሎ ይመታል።

ሄለን፦ «ልቤ ቀጥ አለ» የምንለው መቆየቱን ነው ማለት ነው። «ድም!» የሚለውስ?

ዮናስ፦ እሱ መደበኛው ምት ነው! ሰው በጣም የሚፈራው ያቺን ድም የምትለዋን ነው። እሷ ግን ጤነኛዋ ምት ናት፤ የተጠራቀመውን ደም እየገፋች ነው።

ሄለን፦ ይሄን የሰማሁ ዕለት ነው መጀመሪያ ትንፋሽ የወሰድኩት። ስሜቱን ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ደረጃ ስትወርዱ የመጨረሻዋን እግራችሁ ሲስታት እንደሚሰማው ነው። ሆድ ሸርተት ይላል፣ ጉሮሮ ላይ የሆነ ነገር ይያዛል፣ አንዳንዴ ያስስላል። ደግሞ ለምንድነው ሌሊት የሚብሰው? ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ውዬ ምንም የለም፣ ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ሳሳርፍ ይጀምራል።

ዮናስ፦ ሦስት ምክንያት አለው። ስታርፊ የልብ ምት ዝግ ይላል፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲሰፋ ለትርፉ ምት ቦታ ይገኛል። በግራ ጎንሽ ስትተኚ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚቀርብ የበለጠ ይሰማሻል። ሦስተኛው ቤቱ ጸጥ ማለቱ ነው፣ ሌላ የምትሰሚው ነገር የለም። አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ፦ ስትራመጂ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ስትንቀሳቀሺ የሚብስ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

ሄለን፦ ጤነኛ የሚባል ሰውስ አለበት ይሄ ነገር?

ዮናስ፦ አለበት፣ አያውቀውም እንጂ። የቡናም ጥያቄ አብሮ ስለሚመጣ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ነው፣ የሠሩት ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። 100 ጤነኛ አዋቂዎች ላይ የልብ መቅጃ ለጥፈው በአንዳንድ ቀን ቡና ጠጡ፣ በአንዳንድ ቀን አትጠጡ አሏቸው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሱት ትርፍ ምቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከታችኛው ክፍል የሚነሱት ግን ቡና በጠጡበት ቀን በአማካይ 154፣ ባልጠጡበት ቀን 102 ነበሩ።

ሄለን፦ ቆይ፣ ባልጠጡበት ቀንም 102?

ዮናስ፦ አዎ፣ እሱን ነው እንድትሰሚው የፈለግኩት። በአማካይ ነው እንግዲህ፣ አንዱ ላይ ጥቂት ሌላው ላይ ብዙ ነው። ግን ጤነኛ ሰዎች ናቸው። ደግሞ ቡና በጠጡበት ቀን ወደ 1,000 እርምጃ ጨምረዋል፣ እንቅልፋቸው ደግሞ 36 ደቂቃ ያህል ቀንሷል።

ሄለን፦ ስለዚህ አቦል ቶና በረካ ይቅር ወይስ አይቅር?

ዮናስ፦ እኔ ለሁሉም ሰው ቡና ተው አልልም። ለተወሰኑ ሳምንታት ቀንሰሽ ልዩነቱን እዪ። ካልቀነሰ ቡናውን ያለ ምክንያት አትቅጪው፤ ማኅበራዊ ሕይወታችን ያለው እዚያ ነው፣ ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ራሱ መድኃኒት ነው። ማታ ግን ይቅር፣ እንቅልፍ ማጣት ምቱን ያብሰዋል። ጫት ላይ ግን እንዲህ አልለሳለስም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። የልብ ምት እየረበሸው ጫት የሚቅም፣ ሌሊቱን ደግሞ በመጠጥ «የሚያበርድ» ሰው ሁለቱን ሳይተው ሌላ ነገር ቢያደርግ የሚያገኘው እፎይታ ትንሽ ነው። ከዚያ ውጪ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ በጾምም በሙቀትም ውሃ ማጣት፣ የፖታሲየም ማነስ፣ አንዳንድ የአስምና የጉንፋን መድኃኒቶች፣ እርግዝና። እነዚህ በጥያቄና በደም ምርመራ የሚታወቁ ናቸው፤ እንቅርት ያለባት ሴት ልቤ ይመታል ካለች ጭንቀት ነው ከማለት በፊት ታይሮይዷ ይታይ።

ሄለን፦ አሁን አደገኛው የቱ ነው? የሚሰሙን ሰዎች ይሄን እየጠበቁ ነው።

ዮናስ፦ ራስ መሳት። ምቱ ሲረበሽ ራሱን የሚስት ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ይታይ። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ስፖርት ላይ ሆኖ የሚመጣ ምት፣ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም የታወቀ የልብ ሕመም ካለ እንዲሁ። ራሱን የሳተ ወይም ደረቱን አጥብቆ የያዘው ሰው ካጋጠማችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌላው ደግሞ አንድ ምት መዝለል ሳይሆን ጭራሽ ሥርዓት የሌለው፣ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት የሚቀጥል ምት ነው። እሱ አትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል።

ሄለን፦ እሱ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?

ዮናስ፦ በሀብታም አገሮች አብዛኛውን ጊዜ አዎ። እኛ ጋ ግን ወጣቶች ላይ እናየዋለን፣ እና ይሄ ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ ነገር ነው። በልጅነት በጀርም የመጣ የጉሮሮ ሕመም በደንብ ሳይታከም ይቀራል፣ የሰውነት መከላከያ በስህተት የልብን በር ይጎዳል፣ ከዓመታት በኋላ በሩ ይጠባል፣ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዘበራረቃል። ደም እዚያ ውስጥ ይረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፣ ስትሮክ ማለት ነው። ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በልጅነቴ መገጣጠሚያዬን እያመመኝ ትኩሳት ነበረኝ የሚል ሰው ካለ ኢኮ ሳይታይ «ጭንቀት ነው» መባል የለበትም። አንድ ልመናም አለኝ፦ ጸበል ስትሄዱ ዋርፋሪናችሁን አታቋርጡ። ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ዋጡ።

ሄለን፦ እሺ፣ ታየን፣ ልባችን ደህና ነው ተባልን። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የኔ ሰፈር። ምቷ ትመጣለች፣ ሰውነቴ ይደነግጣል፣ ልቤ መሮጥ ይጀምራል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ «በቃ አሁን ነው» እላለሁ። ከዚያ እጄ አንገቴ ላይ ይሄዳል፣ እቆጥራለሁ።

ዮናስ፦ ስትደነግጪ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ አድሬናሊን ደግሞ ራሱ ትርፍ ምት ያመጣል። ከንፈር የሚደነዝዘው ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርስና እየወረደ ይመጣል። ያልታከመ ሰው ግን ያ አሥር ደቂቃ ዓመት ይሆንበታል።

ሄለን፦ ደግሞ አገሩን እየው። ማኅበራዊ ሚዲያ ስትከፍት «ትናንት አብሮን ነበር፣ ዛሬ ተኝቶ አልነቃም»። ልቅሶ ቤት ስትቀመጥ «ልቡ ነው አሉ»። ሌላ ምርመራ የለ፣ ሌላ ማስረጃ የለ፣ ልቡ ነው። ይሄን ሰምታ የመጣች ልጅ ማታ ትራሷ ላይ አንድ ምት ቢዘልባት ምን ታስብ? ለዚህ ነው ሰው ሲጨነቅ «ምን ያስጨንቅሃል?» ማለት የማልወደው። የሚያስጨንቅ ነገር ሞልቷል።

ዮናስ፦ ቁጥጥሩ ላይ ግን ልከራከርሽ። ምት መቁጠር ለጊዜው ያረጋጋል፣ ከዚያ ግን አእምሮ «ይሄ ቦታ ጥበቃ ያስፈልገዋል» ብሎ ይይዘዋል። ስማርት ሰዓት ገዝተው በየአምስት ደቂቃው የሚያዩ አሉ። ሰዓቱ አትሪያል ፊብሪሌሽንን በመጠርጠር ሊረዳ ይችላል፣ የልብ ድካምን ወይም የልብ ጥቃትን ግን አይነግርሽም። ስትጨነቂ በሰዓት ራስሽን መመርመር ፍርሃቱን መመገብ ነው።

ሄለን፦ አልከራከርም፣ እኔን የረዳኝ ይሄ ነው። ምቷ ስትመጣ እጄን ከአንገቴ ላይ አነሳና የጀመርኩትን እቀጥላለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ከሆነ እከትፋለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ከባድ ነው፣ ሰውነት በሙሉ ተነሺ፣ አንድ ነገር አድርጊ ይላል። ትንፋሽ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ በአራት ቆጥሬ፣ ወደ ውጪ በስድስት። ወደ ውጪው መርዘም አለበት። ምቱን ለማጥፋት ብላችሁ ግን አታድርጉት፤ ጠፋ አልጠፋ እያላችሁ መጠበቅ ትጀምራላችሁ፣ ያ ራሱ ሌላ ቁጥጥር ነው።

ዮናስ፦ ማጥፋት ስትይ አንድ የማይረሳ የሕክምና ታሪክ አለ። ልባቸውን አሟቸው የዳኑ ሰዎች ላይ ትርፍ ምት ሲበዛ የመሞት አደጋቸው ይጨምራል፤ ስለዚህ ምቱን በመድኃኒት ብናጠፋ ሞትም ይቀንሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ካስት የሚባል የአሜሪካ ጥናት ይሄን ፈተነ። መድኃኒቶቹ ምቱን ቀነሱ። ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ ሲወጣ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት በላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ወረቀት ላይ ያለውን ምት ለማጥፋት ብቻ ብሎ መድኃኒት አይሰጥም። ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው በጣም ከተረበሸ ቤታ ብሎከር፣ የልብን ምት ዝግ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ሊታዘዝለት ይችላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሆልተር፣ ያቺ ለ24 ሰዓት የምትለጠፈው መቅጃ፣ ትርፍ ምቱ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ በላይ ነው ካለች በቅርብ መታየት ያስፈልጋል፤ በጣም ሲበዛ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የልብ ጡንቻን ሊያደክም ይችላል፣ መፍትሔም አለው።

ሄለን፦ ከጎረቤት ፋርማሲ ኢንደራል፣ ያው ቤታ ብሎከሩን፣ ገዝቶ የሚውጥስ?

ዮናስ፦ በፍጹም። በተለይ አስም ያለበት ሰው ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል።

ሄለን፦ ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና እንዳለው ደግሞ እንናገር። «የሥነ ልቦና ባለሙያ እይ» ሲባሉ አማኑኤል ሆስፒታል የተላኩ መስሏቸው የሚቆጡ ሰዎች አሉ። አማኑኤልም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ሰው ይታከምበታል። ፍርሃት ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና አለ፣ ሥርዓት ያለው ነው፣ ይሠራል። ውጪ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ፣ ቀን ሁለት ሰዓት ተኝታችሁ፣ ለቤተሰብ ብር ልካችሁ «ልቤ ለምን ይመታል» የምትሉ፣ እንቅልፉን አትናቁት።

ዮናስ፦ ቤተሰብስ ምን ያድርግ? ያንቺ እናት ምን ነበር የሚያደርጉት?

ሄለን፦ ውሃ ይዛ ትሮጥ ነበር፣ «በስመ አብ!» እያለች። እሷ ስትደነግጥ እኔ ይብስብኛል። አሁን ነግሬያታለሁ፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ስለ ሌላ ነገር ታወራኛለች። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ። አሻለሽ ወይ ብላ አትጠይቅም።

ዮናስ፦ እሱ ጥሩ ነው። «አይዞሽ፣ ታይተሻል፣ አውቀነዋል» ማለት ይበቃል፣ አንዴ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደግሞ ምቱ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን እያደረጋችሁ እንደነበር ጽፋችሁ ሂዱ። «አሳየኝ፣ አስረዳኝ» በሉት። ኢሲጂው ወረቀት ላይ ትርፏን ምት በጣቱ ቢያሳያችሁ ብዙ ነገር ይቀላል።

ሄለን፦ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን፣ በሚቀጥለው ዝግጅት ዮናስ የሚችለውን ይመልሳል። የኢሲጂ ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ግን ለእኛ አትላኩ፣ ልባችሁን ላዳመጠው ሐኪም አሳዩት። ደህና ሁኑ።

ዮናስ፦ ደህና ሁኑ።