መንፈስ ያለበትም ሰው ይቃትታል

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በመከራ ውስጥ የመንፈስ ሕይወት» የሚል ነው። ስለዚህ ሮሜ 8ን ይዤ መጣሁ። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ እንወደዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን የምንወደው ጫፍና ጫፉን ነው። «ኩነኔ የለባቸውም» ብለን እንጀምርና «ከአሸናፊዎች እንበልጣለን» ላይ ደርሰን አሜን እንላለን። መሃሉን እንዘለዋለን። እኔ ዛሬ መሃሉ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

መሃሉ ላይ ያለው ጭንቅ ነው። ፍጥረት በምጥ ላይ ነው። እኛም እንቃትታለን። ቁጥር 23ን ደግሞ ልብ በሉ። የሚቃትቱት እነማን ናቸው? እምነት የጎደላቸው አይልም። «የመንፈስ በኵራት ያለን ራሳችን» ነው የሚለው። በኵራት የመጀመሪያ ፍሬ ማለት ነው፤ መንፈስን የተቀበሉት ናቸው በውስጣቸው የሚቃትቱት።

እስቲ እኛ ለቅሶ ቤት የምናደርገውን አስቡ። ልጇን የቀበረች እናት ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። መዘምራን ገብተው ኪቦርድ ይገጥማሉ። ገና ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ስትጀምር አንዷ ትጠጋትና «ተይ እንጂ! አማኝ አይደለሽ እንዴ?» ትላታለች። እናትየው እንባዋን ትውጣለች። ማታ ሰው ሲበተን ብቻዋን ታለቅሳለች፤ በዚያ ላይ በማልቀሷ ንስሐ ትገባለች። ይሄ ግፍ ነው። ጳውሎስ ተሰሎንቄዎችን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አላቸው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላላቸውም። ጌታችንም እንባውን ያፈሰሰው አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ ነው።

ጳውሎስ ይህን ደብዳቤ ተመችቶት የጻፈው እንዳይመስላችሁ። የጻፈው በቆሮንቶስ ሆኖ፣ በ57 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት አምስት ጊዜ የቀመሰ ሰው ነበር። ደብዳቤው ሮም ሲነበብ ከሰሙት መካከል አቂላና ጵርስቅላ አሉ። የሮሙ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም ይውጡ ሲል አገር ጥለው የወጡ፣ በኋላም የተመለሱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። ቁጥር 35 ላይ «ስደት» ሲባል ለእነሱ አዲስ ወሬ አልነበረም። እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ሰይፍ» የሚልም አለ። በ64 እ.ኤ.አ. ሮም ስትቃጠል ቄሣሩ ኔሮን በክርስቲያኖች ላይ ተነሣ። ጳውሎስ መንፈስ ስላላችሁ ሰይፍ አይደርስባችሁም አላለም። ሰይፉም ቢመጣ ከክርስቶስ ፍቅር አይለያችሁም ነው ያለው።

ወደ አገራችን ልምጣ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ምእመናኗ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ በግልጽ ስትወጣ ከ30,000 በላይ ሆነዋል። ይህን ቁጥር መድረክ ላይ ስንጠራ ደስ ይለናል፣ እናጨበጭባለን። መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩበትን ግን ቶሎ እናልፈዋለን።

የቄስ ጉዲና ቱምሳም ነገር እንዲሁ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተገርፈዋል፤ ወደ 10 ዓመት ገደማም ታስረዋል። እንግዲህ እኚህ እናት መንፈስ ስላልነበራቸው ነው የተሠቃዩት የሚል ማን አለ?

ተስፋችን ታዲያ የቱ ጋ ነው? ጳውሎስ የምንጠብቀው «የሰውነታችን ቤዛ» ነው ይላል። ነፍስ ወደ ሰማይ ትሄዳለች ብሎ ብቻ አላለፈውም። ያ የተገረፈ ገላ፣ በሽታ ያደቀቀው አካል፣ ያ ራሱ ይቤዣል። እኔ ይህ ነገር ከስብከቶቻችን በጣም ጠፍቷል እላለሁ። አሁን ያለን በኵራቱ ነው። እሸት ስለቀመስን ጎተራው ሞልቷል አንልም፤ እሸቱ ግን የሚመጣው መኸር መጀመሪያ ነው።

እስከዚያ መንፈስ ምን ያደርጋል? ድካማችንን ያግዛል። እንዴት መጸለይ እንዳለብን ሲጠፋን እሱ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል። ውጭ ቆሞ «በርታ» አይልም፤ ጭንቃችን ውስጥ ገብቶ ይጸልያል። «ይህ ዓመት የመከራህ መጨረሻ ነው» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፣ አዳራሽም ይሞላል። መስከረም ዞሮ ሲመጣና መከራው ሳይሄድ ሲቀር ግን ያ ምስኪን ጥፋቱ የእኔ እምነት ነው ይላል። አገልጋዮች፣ እባካችሁ ይህን ሸክም በሰው ላይ አንጫን።

አሁን የጸሎት ጊዜ ነው። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረናል፤ ማይክ አይኖርም። ያዘነ ሰው አጠገባችሁ ካለ አትምከሩት፣ አብራችሁት ተቀመጡ። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፣ ማንም ዝም አያሰኘውም። ሽማግሌዎች፣ ወደ ፊት ኑልን።