የሠዓሊው ስም የት ገባ?

ክቡራትና ክቡራን፣ አሳታሚዎች፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያዎች፣ ሠዓልያን፣ እዚያ ኋላ የተቀመጣችሁ መጽሐፍ ሻጮች፣ እንደምን አላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ዳግም ኅትመትና ስለ ቆዩ የልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት እንድናገር ነው የጠሩኝ። የተላከልኝ ወረቀት ላይ የወረቀት ዋጋ፣ የገበያ ሁኔታ፣ የንባብ ባህል የሚሉ ንኡስ ርእሶችም አሉ። የወረቀቱን ዋጋ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለ ንባብ ባህልም አራት ኪሎ ላይ ያልተባለ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው። አንድን የቆየ የልጆች መጽሐፍ በድጋሚ ስናሳትም ጽሑፉን እንደ አዲስ በኮምፒውተር እናስጽፋለን፣ አራሚ እንቀጥራለን፣ ሥዕሉን ግን ከአሮጌው መጽሐፍ ላይ ስካን አድርገን እንለጥፋለን። ዋናው ሥዕል የት እንዳለ አናውቅም። ማን ዘንድ ሄደን እንደምንጠይቅም አናውቅም፤ የሠዓሊው ስም መጽሐፉ ላይ የለማ!

እነዚህን ሁለት ቅጂዎች ተመልከቱልኝ። መጽሐፉንም አሳታሚውንም አልጠራም፤ ለይቶ የሚወቀስ የለም፣ አሠራሩ የሁላችንም ነው። በግራ እጄ የያዝኩት የቀድሞው ኅትመት ነው፣ በቀኜ ያለው አዲሱ። ሥዕሉ አንድ ነው፤ አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተረት ይነግራሉ፣ ልጅቷ መሶቡ አጠገብ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከጋቢው ልጀምር። ሠዓሊው በውሃ ቀለም ሲሠራ ነጩን አልቀባውም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። እጥፋቱን ያወጣው እጅግ በቀጠነ ግራጫ ነው። ይህ ግራጫ ለኅትመት ወደ ጥቃቅን የቀለም ነጥብ ሲቀየር ከወረቀቱ የሚሸፍነው ሦስት አራት ከመቶ ያህል ቢሆን ነው፣ ከዚያ ያነሰ ነጥብ ደግሞ ፕሌት በሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይይዝም። ዲዛይነሩ የወረቀቱን ብጫ ለማጥፋት አውቶማቲክ ማስተካከያውን ሲጫን እጥፋቱም አብሮ ጠፋ። አያት አሁን የለበሱት ባዶ ወረቀት ነው።

መሶቡን እዩት። የታተመ ሥዕል በአንድ ኢንች ውስጥ 133 ወይም 150 ረድፍ ሆኖ የተደረደረ ነጥብ ነው። ስካነሩ የራሱን መረብ በዚህ ላይ ሲጭንበት ሁለቱ ይጋጫሉና በመጀመሪያው ሥዕል ያልነበረ ሞገድ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ሞይሬ ትሉታላችሁ። የመሶቡ ስፌት ጠፍቶ ሞገዱ የቀረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ መጽሐፉ ከካሬ ወደ ኤ4 ሲቀየር ሥዕሉን ወደ ላይ ጎትተውታል፤ ክቡ መሶብ ሞላላ ሆኗል። ይህን እንኳ ያየ ሰው አልነበረም?

የልጅቷ ፊት ግን ከሁሉም ይብሳል። የጠይም ሰው ፊት በአራቱ የኅትመት ቀለም ሲከፈል ቢጫውና ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ ያመዝናሉ፣ ሲያን የሚባለው ሰማያዊ ጥቂት ነው፣ ጥቁሩ ጥላው ላይ ብቻ መግባት አለበት። ከታተመ ገጽ ላይ ስካን ሲደረግና ማሽኑ በራሱ ሲከፋፍለው ግን ጥቁሩ ጉንጩ ላይ ሁሉ ይበተናል። የማያብረቀርቅ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፣ ነጥቡም ይሰፋል፤ ፋይሉ ላይ 50 ከመቶ የነበረው ወረቀቱ ላይ 70 ገደማ ሊደርስ ይችላል። ፊቱ እንደ ከሰል ይጨልማል። ከዚያ እናት መጥታ «ልጆቻችንን ለምን እንዲህ አድርገው ይሥሏቸዋል?» ስትል ሠዓሊው ይወቀሳል። ሠዓሊውማ ጠይም ልጅ ነው የሣለው! ያጠቆራት የእኛ ችኮላ ነው።

ዋናው ሥዕል ከጠፋ ምን ይደረግ? ይህን የምትጠይቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ መልስም አለው። በመጀመሪያ ፀሐይ ያልነካው ቅጂ ፈልጉ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሸራ ላይ ከሚደረደሩት ስትገዙ በሽፋኑ አትፍረዱ። ፀሐይ ቶሎ የሚበላው ማጀንታውንና ቢጫውን ነው፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራሉ፤ በእንዲህ ያለ ሽፋን ተመርቶ ቀለም ያስተካከለ ሰው ቀዩን ጥለት ግራጫ ያደርገዋል። መመሪያችሁ የውስጡ ገጽ ይሁን። የተገኘውን ቅጂ ሽቦውን ፈትታችሁ ገጽ በገጽ አውጡት። ሳይፈታ ስካነር ላይ ከተጫኑት መሐሉ ይጎብጣል፣ ጥላም ይሠራል። ስካኑ በኢንች ከ600 ነጥብ አይነስ። ነጥቦቹ መታየት እስኪያቆሙ ድረስ ብቻ በጥቂቱ አደብዝዙትና ወደ 300 አውርዱት፤ ማሹል፣ ማለትም ጠርዙን ጥርት ማድረግ፣ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ነጥቡን ራሱን ያሾለዋል።

ጥቁሩን መስመር ለብቻው ያዙት፤ በ1200 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጋችሁ። በእጅ አጽዱትና በጥቁሩ ፕሌት ላይ ብቻ አስገቡት። መስመሩን በአራቱ ቀለም ካተማችሁት ሬጅስተሩ፣ ማለትም የቀለሞቹ መገጣጠም፣ በፀጉር ስፋት በተዛነፈ ቁጥር የልጅቷ ዓይን በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ያበቅላል። ፊት ላይ ጥቁሩን በእጅ ቀንሱ፤ እያንዳንዱ ቀለም ቢበዛ 100 ከመቶ ነውና፣ አንድ ቦታ ላይ የሚደራረበው የአራቱ ድምርም በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከ300 ከመቶ አይለፍ፣ 280 ቢሆን ይመረጣል። የማሳያ ኅትመቱን ደግሞ መጽሐፉ በሚታተምበት በዚያው ወረቀት ላይ ጠይቁ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ማሳያ አይቶ መፈረም ምንም አያረጋግጥም።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ጥገና ነው። የታተመ ገጽ ውስጥ የሌለውን ማንም ባለሙያ አያመጣውም፤ ያ የጋቢ እጥፋት የሚገኘው ዋናው ሥዕል ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ስሙ እመለሳለሁ።

ቢያትሪክስ ፖተር የተባለችው እንግሊዛዊት ሠዓሊ የጥንቸሉን የፒተርን መጽሐፍ በ1901 እ.ኤ.አ. በራሷ ወጪ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በ1902 አሳታሚ ድርጅት በቀለም አወጣው። በ1987 ድርጅቱ መጻሕፍቷን እንደገና ሲያዘጋጅ የውሃ ቀለም ሥዕሎቿን ከዋናው እንደ አዲስ አስነሣ። ከ80 ዓመት በላይ አልፎም ሥዕሎቹ የማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉም ይታወቅ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ በጃፓናዊቷ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ በኢዋሳኪ ቺሂሮ ስም ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ሙዚየም የተከፈተው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሙዚየሙ ቀርቶብን አንድ የብረት ካቢኔ የመደበ አሳታሚ አለን? ያለው እጁን ያውጣ፣ እኔ መጀመሪያ አጨበጭብለታለሁ።

«በባህላችን ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም» የሚል መልስም እሰማለሁ። የ15ኛው መቶ ዘመኑን ፍሬ ጽዮንን የምናውቀው በምን ሆነና? በጣና፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ አይደለም እንዴ? ከዚህ አዳራሽ ትንሽ ራመድ ብሎ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመረው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ ስንት ሥዕል ታትሟል፣ የስንቱንስ ሠዓሊ መጥራት እንችላለን?

«ከፍለነዋል፣ ጨርሰናል» የምትሉ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቡ። የኢኮኖሚ መብቱን ብትገዙትም በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብቱ ከሠዓሊው ጋር ይቀራል። ክብሩን በሚነካ መልኩ ሥራው እንዳይዛባም መቃወም ይችላል። የኢኮኖሚ መብቱም ቢሆን ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ያ ሞላላ መሶብ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ትመልሱ ይሆን?

ስለ ወረቀትና ጥራዝም ባጭሩ። በ80 ግራም ወረቀት ሥዕል አታትሙ፣ የጀርባው ገጽ ያስተላልፋል፤ 120 ጥሩ ነው። ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሥዕል ያለው ቀጭን መጽሐፍ በሽቦ ይጠረዝ። በሙጫ ከተጠረዘ መሐል ላይ የቆመው ሰው ጥራዙ ውስጥ ይገባል።

አሳታሚዎች፣ ከሚቀጥለው ኅትመት ጀምሮ የሠዓሊው ስም ሽፋኑ ላይ፣ ከደራሲው ስም ጋር ይውጣ። የመብት ገጹ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ከዋናው ይሁን ከታተመ ቅጂ መነሣቱ፣ ዋናውም ማን እጅ እንዳለ ይጻፍ። ሁለት መስመር ነው።

ሠዓልያን፣ የቀድሞ ሠዓልያን ልጆችም እዚህ ካላችሁ፣ ቤት ያለውን ሥዕል ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሙቀቱና ሙጫው ከሥዕሉ አይላቀቁም። በፕላስተርም አትጠግኑት። ዘርግታችሁ፣ በመሐሉ ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያደረጋችሁ፣ ፀሐይና እርጥበት የማይደርስበት ቦታ አኑሩት። ጀርባው ላይ የመጽሐፉን ስም፣ የገጹን ቁጥርና የሠዓሊውን ሙሉ ስም ጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ። በእስክሪብቶ ከሆነ ወደ ፊት ይዘልቃል።

አመሰግናለሁ።