ጠቡን ያመጣው በረቱ ነው

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስንማር ስለ አሳማ ብዙ አልተነገረንም፤ በአብዛኞቻችን ቤትም አይበላም። ዛሬ ግን ብዙዎቻችሁ እንደ እኔው በአውሮፓ በረቶች ስለምትሠሩ የምናገረውን ታውቁታላችሁ።

በምሠራበት በረት አንድ ማለዳ የማይተዋወቁ እርጉዝ አሳማዎች ተቀላቀሉ። ተሽታተቱ፤ ወዲያው ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው ጆሮና አንገት ይነካከሱ ጀመር። አንዷ ግዙፍ አንዲትን ወጣት አሳደደቻት። ወጣቷ ልትሸሽ ስትል እርጥቡ ሲሚንቶ አንሸራተታት። ተነሥታ ፊቷን ወደ ጥግ አዙራ ቆመች፤ ትከሻዋ በጥርስ ሰንበር ተዥጎርጉሯል። መኖ ሲመጣ አልቀረበችም፤ ገንዳውን ግዙፏ ይዛዋለች። የበረቱ ኃላፊ «ተፈጥሯቸው ነው፣ በሁለት ቀን ይላመዳሉ» ብሎኝ ሄደ።

እውነት ነው፣ የበላይና የበታች እስኪለይ ይጣላሉ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ጠቡ ይበርዳል። ግን እንግዳን ከእንግዳ የቀላቀለው ማነው? የዱር እሪያ እናቶች ከዘመዶቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጠብ ቢነሣም የተሸነፈችው ሮጣ ታመልጣለች። እኛ መሸሻውን ዘግተን፣ ገንዳውን አጥብበን፣ ጥፋቱን በእንስሳዋ እናላክካለን!

የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርጉዝ አሳማዎች አብዛኛውን የእርግዝና ጊዜ በቡድን እንዲኖሩ አስገድዷል። ደግ አደረገ። አሁን ግን «ይኸው ተነካከሱ፣ ወደ ቀድሞው የነጠላ ብረት ሳጥን እንመልሳቸው» የሚሉ አሉ። መዞር እንኳ በማትችልበት ብረት ውስጥ ቆልፈን «ሰላም ሆነ» ልንል ነው? ያ ሰላም አይደለም፤ እስር ነው! ሰፊ ቦታ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ተሸናፊዋ የምትከለልበት ግድግዳ፣ ሁሉም እኩል የሚበሉበት ገንዳ ይሰጣቸው፤ ያን ጊዜ ጠቡን እንመዝነው።

ጅራት መንከስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከደረጃ ጠብ ጋር አናምታታው። አሳማ የቀኑን ብዙውን ክፍል አፈር ሲቆፍር የሚውል ፍጥረት ነው፤ የሚቆፍረው ሲያጣ የጎረቤቱን ጅራት ያኝካል። የኅብረቱ ሕግ ጅራትን በዘልማድ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሆኖም በብዙ አገር ይቆረጣል። ስዊድንና ፊንላንድ ግን ሳይቆርጡ ያረባሉ።

ስለ መኖ ይዘትና ስለ አየር ዝውውር ያዘጋጀሁትን ጊዜ ስላጠረ እተወዋለሁ። ቢሾፍቱ ላሉት ወጣት ሐኪሞች ግን አንድ አደራ አለኝ፤ በአካባቢያችሁ አሳማ የሚያረቡ አሉ። ለንክሻ ቁስል ስትጠሩ፣ መድኃኒቱን ከመቅዳታችሁ በፊት ገንዳውን ለኩ፣ የሚቆፍሩት ገለባ መኖሩን እዩ፣ ባለቤቱንም መቼ እንደቀላቀላቸው ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።