መብራት ለሚጠፋበት ከተማ የተሠራ ራውተር

ሰላም አድማጮቼ። በጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ለከፈቱ ቤተሰቦች ኢንተርኔት እዘረጋለሁ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ዋይፋይን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በአንድ ግቢ ከአንድ በላይ ራውተር እተክላለሁ። በሁሉም ላይ የምጭነው በሊኑክስ ላይ የተሠራውን የራውተር ሥርዓተ ክወና፣ ኦፕንደብልዩአርቲን (OpenWrt) ነው።

ወጣት ባለሙያዎች ስለ እሱ የሚያነሱት ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዋናው ክፍል አይጻፍበትም፤ እንዴት ልክፈተው?» እኔ ግን አትክፈቱት እላለሁ። ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት የተቋረጠበት መሣሪያ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። እዚህ ዋናው ሥርዓት ስኳሽኤፍኤስ በተባለ፣ ተጨምቆ በታሸገ ክፍል ውስጥ ስላለ መብራቱ ስንት ጊዜ ቢሄድ አይነካም። ይህ ለከተማችን የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ታዲያ የኛ ቅንብር የት ይገባል? ከታሸገው ክፍል በላይ ኦቨርሌይ የሚባል ስስ ንብርብር አለ። የቁርኣን ተማሪ በእንጨት ሉሁ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ሲጨርስ ያጥበዋል፤ እንጨቱ እንዳለ ይቆያል። ኦቨርሌይም እንደዚሁ ነው። የኔትወርክ ፋይሉን ስንለውጥ የታችኛው አይነካም፤ ቅጂው ላይኛው ንብርብር ላይ ይጻፍና ሥርዓቱ እሱን ያነባል።

አንድ የተለመደ ጉዳይ ላንሣ። የራውተሩ አድራሻ ሲመጣ 192.168.1.1 ነው። ሞደሙም ይህንኑ አድራሻ ከያዘ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ እኔ የራውተሩን ወደ 192.168.10.1 አዛውረዋለሁ። ለውጡ በዩሲአይ (በሥርዓቱ የቅንብር መሣሪያ) ትእዛዝ ሲሰጥ ግን «ኮሚት» (አጽና) እስኪባል ድረስ ራም፣ ማለትም ጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ ነው፤ በመሐል መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት) ፋይሉን በእጅ ማረምም ከንቱ ድካም ነው፤ እሱ ራም ላይ ወዳለ ፋይል ይመራል፣ ራውተሩ በተነሣ ቁጥርም እንደ አዲስ ይጻፋል። የዲኤንኤስ አድራሻውን እዚያው የኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ አስገቡት።

አድራሻ ተሳስቶ ራውተሩ አልገኝ ቢል እንኳ አትደንግጡ። በፌልሴፍ (ለብልሽት ጊዜ በተዘጋጀ የአነሣስ ዘዴ) ሲነሣ ላይኛውን ንብርብር ወደ ጎን ትቶ በ192.168.1.1 ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ ንብርብሩን መልሶ በማገናኘት የተበላሸውን መስመር ብቻ ማረም ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ይህን ነው፦ ከእኔ በኋላ ወደዚያ ግቢ የሚመጣ ባለሙያ ኦቨርሌዩን ከፍቶ ቢያይ የሚያገኘው እዚያ ቤት የተለወጠውንና ሥርዓቱ ራሱ የፈጠራቸውን ጥቂት ፋይሎች ነው። እኔን ደውሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።