«ሲስተም የለም» ያሰኘነው እኛው ነን

የተከበራችሁ የአይቲ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የቅርንጫፍ ስልኮች ተከታትለው ይጮሁ ጀመር። ደንበኛው በር ድረስ ተሰልፏል፤ ቴለሯ «ሲስተም የለም» ትላለች። ሁላችንም መስመሩን ረገምን። መስመሩ ግን ደህና ነበር፤ ያነቅነው እኛው ነን። ቅዳሜ የለቀቅነው የዊንዶውስ አፕዴት መውረድ የጀመረው ሠራተኛው ሰኞ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

እስቲ እናስላው። ቅርንጫፉ 40 ኮምፒውተር፣ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት መስመር አለው እንበል። 1 ጊጋባይት አፕዴት እያንዳንዱ ለየብቻው ከዋናው መሥሪያ ቤት ቢያወርድ፣ መስመሩ ሌላ ሥራ ሳይነካ 22 ሰዓት ይፈጃል። አንዱ አውርዶ ለቀሩት ቢያካፍል 33 ደቂቃ ገደማ። አያቶቻችን እሳት የሚጭሩት ከጎረቤት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ በየትኛው እንጫር? ኮምፒውተሮች አፕዴት እንዲካፈሉ የሚያደርጉ ሦስት የማይክሮሶፍት መንገዶች አሉ። ብራንችካሽ ከዊንዶውስ 7 ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣ አንጋፋ ነው። ያለ ካሽ ሰርቨር (የወረደውን ፋይል ለሁሉም የሚያስቀምጥ ማሽን) ሲሠራ «ይህ ፋይል ያለው ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው በራሱ ሰብኔት፣ ማለትም በራሱ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ሌላ ሰብኔት ላይ ከሆነ ጥሪው አይደርሰውም። ሁለተኛው ፒር ካሽ፣ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የምናስተዳድርበት የኮንፊገሬሽን ማናጀር አካል ነው፤ ጎረቤቱን የሚወስነው እናንተ የሠራችሁት ባውንደሪ ግሩፕ (የኔትወርክ አድራሻዎች ምድብ) ነው። አካፋይ ስትመርጡ ታዲያ ከጠረጴዛው የማይነሳውን ዴስክቶፕ እንጂ ማታ በቦርሳ ቤት የሚገባውን ላፕቶፕ አትምረጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው፣ በዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ነው። ከዊንዶውስ 10 ጋር ስለመጣ «አዲሱ ይሻላል» ተብሎ ይመረጣል። ግን ጎረቤቱን የሚያገኘው በመሠረቱ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የማይክሮሶፍት አገልግሎት ጠይቆ ነው። ኢንተርኔት የተዘጋበት ቅርንጫፍ ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ ኮምፒውተር ወደ ምንጩ ይመለሳል፤ የሰኞው ጠዋት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኢንተርኔት ቢኖርም ሌላ ወጥመድ አለ። ቅርንጫፎቻችን በሙሉ የሚወጡት በዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ፓብሊክ አይፒ (ኢንተርኔት ላይ የሚታይ አድራሻ) ከሆነ፣ በላን ሞድ፣ ማለትም በዚያ አድራሻ ጎረቤት በሚለይበት አሠራር፣ ሁሉም አንድ ግቢ ያሉ ይመስለዋል። የጅማው ኮምፒውተር ከደሴው ሊያወርድ ይችላል፤ ያውም በዚያችው ቀጭን መስመር! መፍትሔው ግሩፕ ሞድ ነው፦ ለየቅርንጫፉ የራሱን የግሩፕ መለያ መስጠት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኢንተርኔት ለተዘጋበትና ሰብኔቱ አንድ ለሆነ ቅርንጫፍ አሮጌውን ብራንችካሽ አስቀድማለሁ። ኮምፒውተሮቹን በኢንቱን፣ በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስተዳደሪያ አገልግሎት፣ ለሚያስተዳድር ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ይመቻል፤ ግሩፑን ሳትረሱ። የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት፤ ስንት ጊጋባይት ከጎረቤት፣ ስንት ከምንጩ እንደመጣ ቆጥሩ። ከጎረቤት የመጣው ዜሮ ከሆነ፣ ፋየርዎሉን (የኔትወርኩን ዘብ) የሚያስተዳድረውን ባልደረባችሁን ቡና ጋብዙት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋው ፖርት (የመገናኛ በር) እሱ ጋ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ማይኩን ይቀበለኝ።