አውሮፕላኑ ለአብራሪው እጅ ምን ይነግረዋል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ኤርባስና ቦይንግ በተነሡ ቁጥር ክርክሩ ቶሎ ብሎ «የቱ ይበልጣል?» ወደሚለው ያዘነብላል። አየር መንገዳችን የቦይንግ 787ንም የኤርባስ ኤ350ንም ስለሚያበርር ወገን መለየት ብዙም አይጠቅመንም። የሚጠቅመን ጥያቄ ይህ ነው፦ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ ለአብራሪው የሚነግረው በእጁ በኩል ነው ወይስ በዓይኑ?

ደንቢያ ላይ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ጎንበስ ብሎ አያይም። እርፉን የጨበጠው እጁ ቀድሞ ይነግረዋል። ቦይንግ መሪውን የሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። የካፒቴኑና የረዳቱ መሪ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲስብ የሌላውም አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 አገልግሎት የጀመረው 777 ትእዛዙን በኮምፒውተር ቢያስተላልፍም፣ አውቶፓይለቱ ሲያዞር መሪው አብሮ እንዲዞር ተደርጓል። ያ ስሜት በሞተር የሚፈጠር ነው፤ ቢሆንም እጅ ያነበዋል።

ኤርባስ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤ320ን ሲያመጣ መሪውን አንሥቶ በየአብራሪው የውጭ ጎን ሳይድስቲክ የተባለ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ዘንግ አቆመ። ከፊት ያሉት ስክሪኖች ያለከልካይ ይታያሉ፤ መሪው በነበረበት ቦታ ተጎታች ጠረጴዛ ተተክቷል። ሁለቱ ሳይድስቲኮች ግን አይያያዙም። ሁለቱም አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ካንቀሳቀሱ ኮምፒውተሩ ትእዛዞቹን ይደምራል፤ አንዱ ሽቅብ ሌላው በዚያው ልክ ቁልቁል ካለ ውጤቱ ዜሮ ነው። ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል። መረከብ የሚፈልገው አብራሪ ሳይድስቲኩ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል፣ መረከቡንም ጮክ ብሎ ይናገራል።

ይህ ልዩነት ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ላይ 228 ሰው የጠፋበት የኤር ፍራንስ ኤ330 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ፣ አውቶፓይለቱም ለቀቀ። በጤናማ ሁኔታ ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ ከ67 ዲግሪ በላይ እንዲያጋድል ወይም ስቶል ውስጥ፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣበትን ኃይል የሚያጣበት ሁኔታ ውስጥ፣ እንዲገባ አይፈቅድም። የፍጥነት መረጃው ሲበላሽ ግን ያ ጥበቃ ተነሣ። በቀኝ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ ሳይድስቲኩን ወደኋላ ይስብ ነበር፤ በግራ ያለው ይህን የሚነግረው ነገር እጁ ላይ አልነበረም። በእኔ አስተያየት ሳይድስቲኮቹ ቢያያዙ ኖሮ ስሕተቱ ቀድሞ የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ይህን ስል ቦይንግን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። የሞተር ኃይል እጀታን እንመልከት። በኤርባስ እጀታው ከተነሡ በኋላ አንድ ጎድጓድ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ሲጨምርና ሲቀንስ አይነቃነቅም። በቦይንግ ግን እጀታው በሞተር ይሄዳል፣ ይመለሳል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ማን ያስተውላል? እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የኤሲያና አየር መንገድ 777 አብራሪ እጀታውን እስከ መጨረሻው ሲቀንስ የሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው አውቶማቲክ እጀታውን ባለበት ወደሚተውበት ሁነታ (የአሠራር ዓይነት) ገባ። አብራሪዎቹ ፍጥነቱን የሚጠብቅላቸው መስሏቸው ነበር። 137 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) መሆን የነበረበት ፍጥነት 103 ደረሰ፤ ሦስት ሰው ሞተ። ሁነታው ስክሪኑ አናት ላይ ተጽፎ ነበር። ለዚህ ነው አዲስ ሁነታ ሲመጣ ለ10 ሰከንድ ያህል በሳጥን የሚከበበው፤ ለዚህም ነው አብራሪው አንብቦ ጮክ ብሎ መናገር ያለበት። ዓይን አይቶ ዝም ካለ አላየም።

ከሁሉም የሚያመን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ነፍስ ያጣንበት የ737 ማክስ አደጋ ነው። በቀደሙት 737ዎች ትሪሙ፣ ማለትም የጅራቱን አግድም ክንፍ ማዕዘን የሚያስተካክለው ሥርዓት፣ አፍንጫውን ወደታች ሲገፋ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ከሳበ የኤሌክትሪክ ትሪሙ ይቆማል። ለዓመታት እጅ የለመደው መልስ ይህ ነው። አፍንጫውን በራሱ ወደታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ሲጨመር ይህ መልስ በእሱ ላይ እንዳይሠራ ተደረገ። ከአንድ ሴንሰር ብቻ የሚመጣን የተሳሳተ መረጃ አምኖ በአንድ ጊዜ እስከ 2.5 ዲግሪ ድረስ ትሪሙን ያዞራል፤ አብራሪው ሲያርመው ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ማቋረጫው ሲዘጋም፣ በከፍተኛ ፍጥነት አየሩ በጅራቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና የትሪሙን መዘውር በእጅ ለማዞር እጅግ ያከብደዋል። ኤምካስ ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙ አይሠራም፤ በአንድ ክስተት የሚሠራውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አዘዞ ያለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያችን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መለኪያው 140 ኖት ሲያሳይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነት ከ150 ያልፋል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሁነታን ፈልጎ ለማግኘት የሚተርፈው ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል።

ሳይድስቲክን ከስሜት ጋር ማስታረቅ ይቻላል። የገልፍስትሪም ጂ500 እና የሩሲያው ኤምሲ-21 ሳይድስቲኮች በሞተር ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይንቀሳቀሳል። ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ይህን ለመሞከር ሁለት ጆይስቲክ፣ በእያንዳንዱ ዘንግ አንድ ትንሽ ሞተር፣ አንድ የማዕዘን ሴንሰርና አንድ ማይክሮኮንትሮለር ይበቃል። ሁለቱን አያይዙና አንዱ ተማሪ ሲስብ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ አቅጣጫውን ይናገር። ከዚያ ማያያዣውን አጥፉና ድገሙት፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ መዝግቡ። ውጤቱን ለማየት እጓጓለሁ።

አመሰግናለሁ።