ቢጫ የሆነ የመኪና መብራት፦ ማጥራቱ ቀላል ነው፣ ማቆየቱ ነው ሥራው

[ምስል፦ የቪትዝ ፊት። ሁለቱም መብራቶች ቢጫ ሆነዋል። ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋል።]

ተራኪ፦ ይህችን ቪትዝ ተመልከቷት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ቀለሟም ብዙ አይከፋም። ዓይኗ ግን ሞራ ለብሷል። አምፖሉ አዲስ ነው፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። ማታ ይዛችኋት ስትወጡ ግን ጉድጓዱን የምታዩት ጎማው ከገባበት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን መብራት ቤት ውስጥ ማጥራት ይቻላል። ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ፣ የግማሽ ቀን ትዕግሥት። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ቪዲዮ ግን ሁሉም የሚያልቀው መብራቱ ባብረቀረቀበት ቅጽበት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያው መብራት ምን እንደሚመስል የሚያሳያችሁ የለም። እኛ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ለዚያ ነው።

[ምስል፦ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ መብራት፣ ከጎኑ የቪትዟ መብራት።]

ለምን ይደበዝዛል? ድሮ የመኪና መብራት ፊቱ መስታወት ነበር። ዲኤክስን እዩ፤ ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ ቆማ መብራቷ ቢጫ አይልም። ድንጋይ ይሰብረው ይሆናል እንጂ ፀሐይ ምንም አያደርገውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ደንቧን አሻሽላ የፕላስቲክ መብራት ፈቀደች፤ የ1984ቷ ሊንከን ማርክ ሰባትም እዚያ አገር የመጀመሪያዋ ሆነች። ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ይባላል። ክብደቱ ከመስታወት ግማሽ አይሞላም፣ እንደተፈለገው ይቀረጻል፣ ጠጠር ሲመታው አይረግፍም። የመኪና ፋብሪካ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ግን ሁለት ድካም አለበት። በቀላሉ ይጫራል፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ውስጣዊ ሰንሰለቱን እየበጠሰ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩን ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል። ከፀጉር የሳሳ ነገር ነው፣ በዓይን አይለይም። መብራቱ ለዓመታት ጠርቶ የሚቆየው ይህ ሽፋን ስላለ ነው። በዓመታት ውስጥ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አቧራ ይፍቀዋል፣ የላቫጆ ጠንካራ ኬሚካልና ብሩሽ ይጨምርበታል። ከዚያ ይሰነጣጠቅና ይላላጣል፤ ፕላስቲኩም ራቁቱን ይቀራል።

[ምስል፦ ከእንጦጦ ላይ የሚታይ ከተማ፣ ጠራራ ፀሐይ።]

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐይዋ የምትራራ ይመስለናል፤ መብራታችን ግን ያውቀዋል። አንዳንዴ አንደኛው መብራት ከሌላው ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። መኪናዋ ሁልጊዜ የምትቆምበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ያኛው ወገን ፀሐይ የሚያገኘው ነው።

ሞራው የሚያደርገው ጉዳት ብርሃን መቀነስ ብቻ አይደለም። ብርሃኑን ይበትነዋል። አስፋልቱ ላይ ማረፍ የነበረበት ወደ ላይ ይሄድና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል። እናንተ አታዩም፣ እሱም አያይም። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ሙከራ፣ ያረጀ መብራት በአጭሩ ሲበራ የሚሰጠው ብርሃን ከአዲሱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሲጠራ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ 100 አልሆነም፤ መበተኑም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አዲስ ይሆናል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

አንድ ነገር በመሀል ልበል። መብራቱ ሲደበዝዝ ብዙ ሰው የሚሮጠው ኃይለኛ ኤልኢዲ አምፖል ሊያስገባ ነው። ሞራ በለበሰ ፕላስቲክ ውስጥ ብርሃን መጨመር የሚበተነውን መጨመር ነው። መጀመሪያ ፊቱን አጥሩ፣ ከዚያ አምፖል ካስፈለገ ተነጋገሩ።

[ምስል፦ መብራቱ ላይ ከጆግ ውሃ ሲፈስ።]

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እንዳለበት መብራቱ ለጊዜው ከጠራ፣ ችግሩ ላዩ ላይ ነው፣ ይድናል። ውሃ እየፈሰሰበትም እንደ ጉም ሆኖ ከቀረ ከውስጥ ነው፦ ወይ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ ጥልቅ ስንጥቅ አለ። እርጥበት ከሆነ ከኋላ ያለው የጎማ ክዳን ወይም የዳሩ ማጣበቂያ ተላቋል፤ ብርጭቆ ወረቀት አይረዳችሁም። የውስጡ አንጸባራቂ ብር ተቃጥሎ ከጠቆረም እንዲሁ፤ ያኔ ገንዘባችሁን ይዛችሁ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ መሄድ ይሻላል።

ውሃው ካጠራው ቀጥሎ በጣታችሁ ዳስሱት። ልስልስ ከሆነና ትንሽ ብቻ ከደበዘዘ፣ የፋብሪካው ሽፋን ገና አለ ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት! በኮምፓውንድ፣ ማለትም በማለስለሻ ቅባት አሽታችሁ፣ ሰም ቀብታችሁ ተዉት። ከሻከረ፣ ከተላላጠ፣ ቢጫው ከገፋ ግን ሽፋኑ ሞቷል። ያኔ የቀረውን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው፤ ግማሹን ትቶ ግማሹን ማንሳት የለም።

የጥርስ ሳሙና አይሠራም ወይ? ይሠራል። በውስጡ ጥርስ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለ፣ ያ ዱቄት ላይ ላዩን ያለውን ቆሻሻ ያነሳል። ቀጭን ድብዘዛ ከሆነ ልዩነት ታያላችሁ። ነገር ግን ኮልጌት መከላከያ አይደለም፣ ሳይቆይ ይመለሳል። ቤንዚንና ቲነር ደግሞ ከዚህ የባሱ ናቸው፤ ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቁታል። የትንኝ መከላከያ መርጨት የሚሉም አሉ፤ ያብረቀረቀው ፕላስቲኩ እየሟሟ ስለሆነ ነው።

በኩባያ ኬሚካል አሙቀው በእንፋሎት የሚያጠሩበትም አለ። ሲታይ አስማት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ኩባያው ውስጥ ያለው ክሎሮፎርም ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ፕላስቲኩን ላይ ላዩን አሟሙቶ ያስተካክለዋል፤ ከፀሐይ የሚከላከል ነገር ግን አይተውበትም፣ የምትተነፍሱትም መርዝ ነው። እኔ አልመክርም።

[ምስል፦ ዙሪያው በማስኪንግ ቴፕ የተከበበ መብራት።]

ወደ ሥራው። መብራቱን በሳሙናና በውሃ እጠቡት። ዙሪያውን፣ ኮፈኑን፣ ፓራውልቱን፣ ፓራፋንጎውን በቀለም ቀቢዎች ቴፕ ሸፍኑ፤ አንድ ዙር አይበቃም፣ ደርቡት። ብርጭቆ ወረቀት ቀለም ለመግፈፍ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። መብራቱ በቀላሉ የሚፈታ ከሆነ ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትሠሩት ወገባችሁም ይመርቃችኋል።

ወረቀቱ ውሃ የሚችለው፣ ጥቁሩ ነው። ባለ 800፣ 1,000፣ 1,500፣ 2,000፤ ካገኛችሁ 3,000ም። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው። ባልዲ ውስጥ ውሃ፣ ጠብ ጠብ የሚል ፈሳሽ ሳሙና። በደረቁ በፍጹም እንዳትፍቁ።

በ800 ጀምሩ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ አግድም። ክብ ክብ አትዙሩ። አሁን የሚወርደውን ውሃ ተመልከቱ።

[ምስል፦ በቅርበት፣ ቢጫማ አተላ ሲወርድ። ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ሲለወጥ።]

ቢጫ ነው አይደል? ይህ የሞተው ሽፋን ነው። ቀጥሉ። ውሃው ወተት የመሰለ ነጭ ሲሆን ሽፋኑ አልቆ ንጹሑ ፕላስቲክ ላይ ደርሳችኋል። ከሁሉ ምልክት ይህን ያዙ። ሰዓት አትቁጠሩ፣ ውሃውን እዩ። መሀሉ ነጭ ሆኖ ጥጉ ገና ቢጫ ከሆነ፣ ጥጉን አትርሱት፤ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ጥጉን ነው፣ መጀመሪያ ተመልሶ የሚላላጠውም እዚያ ነው።

እዚህ ላይ መብራቱን ስታደርቁት ትደነግጣላችሁ። ከመጀመሪያው ብሶ፣ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አትቁሙ።

ቀጥሎ 1,000፣ አሁን ከላይ ወደ ታች። አቅጣጫ የምንቀይረው ለምክንያት ነው፦ የ800ው ጭረት አግድም ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው ጭረት ሁሉንም ሲውጠው በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንድም አግድም መስመር ከቀረ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ከ800 ዘላችሁ 2,000 ላይ ብትወጡ ሌሊቱን ብትፈትጉ ያ ጭረት አይጠፋም። ወረቀቱን በየጊዜው ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ በመሀል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ሥራችሁን መልሳ ታበላሸዋለች።

[ምስል፦ ሁለት ቀስቶች። አንዱ ወደ ፖሊሽ፣ አንዱ ወደ ክሊር።]

1,000 ካለቀ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል፣ መምረጥ አለባችሁ።

አንደኛው ፖሊሽ ነው። 1,500፣ 2,000፣ 3,000 ትቀጥላላችሁ፤ ከዚያ በኮምፓውንድና በለስላሳ ጨርቅ ታሻላችሁ። ድሪል ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ካላችሁ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ይበል፣ አንድ ቦታም አይቁም፣ ሙቀት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ይጠራል፣ ያምራል፣ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ግን ራቁቱን ነው። በሰም ወይም ሲላንት በሚባለው መከላከያ ቅባት ካልሸፈናችሁት፣ እሱንም በየወሩ በየሁለት ወሩ ካልደገማችሁት፣ ቢጫው ይመለሳል። ለመደጋገም ትጉህ ለሆነ ሰው ይሄ ይበቃል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ክሊር ነው፣ እኔ የምመርጠውም ይህን ነው። መኪና ቀለም ቀቢዎች ከቀለሙ በላይ የሚረጩት፣ ማድረቂያ የሚቀላቀልበት፣ ፀሐይ የሚችል ክሊር። የእንጨት ቫርኒሽ አይደለም፤ እሱ ራሱ ቢጫ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ፖሊሽ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል። ክሊር የሚይዝበት ሻካራ ነገር ይፈልጋል። 1,000 ወይም 1,500 ላይ ቁሙ። የቀረውን ደቃቅ ጭረት ፈሳሹ ራሱ ይሞላዋል፤ ቅድም ውሃ ስታፈሱ መብራቱ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር።

[ምስል፦ በአልኮል የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ። ጭንብልና ጓንት።]

ከመርጨታችሁ በፊት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ክሊር አይይዝም። ንፋስና አቧራ የሌለበት ጥላ ፈልጉ፤ በር ግን ክፍት ይሁን። ማድረቂያው ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አይሶስያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። የኮቪድ ማስክ አያድናችሁም፤ ማጣሪያ ያለው የቀለም ቀቢ ጭንብል ነው የሚያስፈልገው። ጭንብሉ ከሌላችሁ አትርጩ። ይልቅ ፈግፍጋችሁ ያዘጋጃችሁትን መብራት ይዛችሁ ቀለም ቀቢ ጋ ሂዱ። ሌላ መኪና ክሊር ሊረጭ ሲል የናንተን ከጎን ያስቀምጥላችሁ፤ ለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ አድካሚውን እናንተ ጨርሳችሁለታል።

ራሳችሁ የምትረጩ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ ስስ ይሁን። በአንዴ ካጥለቀለቃችሁት ፈሳሹ ፕላስቲኩን ሊያሰነጥቀው ይችላል፣ ይወርዳልም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሁለተኛው ሞላ ያለ፣ ካስፈለገም ሦስተኛ። ከላይ ወደ ታች፣ እጃችሁ ሳይቆም፣ ርጭቱን ከመብራቱ ውጭ ጀምራችሁ ውጭ ጨርሱ። ትንኝ ብታርፍበት ተዉአት፤ ለማንሳት የሚሞክር ጣት ከትንኟ የበለጠ ያበላሻል። ሲደርቅ በ2,000 ታነሷታላችሁ።

ቴፑን ክሊሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ከመብራቱ ወደ ውጭ እየሳባችሁ አንሱ። ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው፤ ለሳምንት ያህል ደግሞ ላቫጆ አትውሰዷት። መብራቱን ፈትታችሁ ከነበረ ስትመልሱት ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አብሩት፤ የሁለቱ ብርሃን ከፍታ እኩል ካልሆነ ከኋላ ባለው ብሎን ይስተካከላል።

[ምስል፦ የክሊር ጣሳ፣ ከታች ያለው ቁልፍ ሲጫን።]

የክሊር ጣሳ ከገዛችሁ፣ ማድረቂያው የሚቀላቀለው ከታች ያለው ቁልፍ ሲጫን ነው። ከዚያ በኋላ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው፣ ውስጡ ደርቆ ይቀራል። በአንድ ጣሳ ደግሞ ከአንድ መኪና በላይ ይወጣል። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት የጎረቤታችሁንም መብራት ፈግፍጋችሁ አዘጋጁ፤ የጣሳውን ዋጋ ተካፈሉት።